ባለጌ ፍለጋ

«ረጅም ሰው አምጡልኝ፤ ሌላው ይደርሳል» አለ የቡድናችን ባለቤት። ክትፎው ገና አልቀረበም ነበር።

የተሰበሰብነው አትላስ አካባቢ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ነው። የዓመቱን የቅርጫት ኳስ ውድድር ከሁሉም በታች ሆነን ስለጨረስን፣ በአዲሱ ደንብ መሠረት ከወጣት ተጫዋቾቹ መካከል ቀድመን የመምረጥ ዕድል ደርሶናል። ድራፍት ይሉታል። ድራፍት ሲባል ቢራ ብቻ ትዝ በሚለው ከተማ ይህን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ባጭሩ፣ ክፉኛ የተሸነፈ መጀመሪያ ይመርጣል ማለት ነው፤ በሽንፈት ደግሞ እኛን የቀደመን አልነበረም።

ባለቤቱ ሴራሚክ አስመጪ ነው። ስለ ቅርጫት ኳስ የሚያውቀው ቀለበቱ ከፍ ብሎ እንደሚሰቀል ብቻ ነው፤ ከዚህ ተነስቶ ለሁሉም ነገር መድኃኒቱ ረጅም ሰው ነው ብሎ ደመደመ። ዋናው አሰልጣኝ ጭንቅላቱን በእሺታ ነቀነቀ። ይህ ሰው ባለገንዘብ ሲናገር ጭንቅላቱን በሚነቀንቅበት ፍጥነት ሜዳ ላይ ብንሮጥ ኖሮ ዋንጫ እንበላ ነበር። ሁለቱንም ፊታቸው ላይ እርስዎ እላቸዋለሁ። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ።

እኔ ምክትል አሰልጣኝ ነኝ። ሴት ሆኖ የወንዶች ቡድን ማሠልጠን ምን እንደሚመስል ብዙ አላወራም። የሜዳው ዘበኛ አሁንም አንዳንድ ቀን «እህቴ፣ ተመልካች በዚያኛው በር ነው» ይለኛል።

ክትፎው ቀርቦ አፋቸው ሲሞላ፣ የጎደለን ቁመት መሆኑን በምን እንዳወቁ ጠየቅኩ። ከመምረጣችን በፊት ያለፉትን ጨዋታዎች ቁጭ ብለን እንያቸው አልኩ። አሰልጣኙ እንደ ዝንብ በእጁ ገፋ አደረገኝና፣ እንግዲያው አንቺው እይውና ንገሪን፣ ሴት ልጅ ትዕግሥት አላት አለ። ባለቤቱ ሳቀ። አሰልጣኙ ሥራውን የሰጠኝ ከዓይኑ ዞር እንድልለት ነበር። ተቀበልኩት፤ እሱን ከማየት የተሸነፍንበትን ጨዋታ ደግሜ ማየት ይሻለኛል።

አንድ ነገር ግን ገና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከበደኝ። የቡድኑ አምበል ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ኳስ በእጄ ያስያዘኝ፣ ወሎ ሰፈር ከጋራዦቹ ጀርባ ባለው ሲሚንቶ ሜዳ ጉልበቴ እስኪላጥ ያሮጠኝ እሱ ነው። ከልጅነቴ ጀምሬ ጋሼ እለዋለሁ። ምክትል ሆኜ ስገባ ቃሉ ከእኔ አፍ ወጥቶ ተጫዋቾቹ ላይ ተጋባ፤ አሁን ሁሉም ጋሼ ይሉታል። ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ እንደ ድሮው አይሮጥም፤ ከኳስ ሌላ ሙያም የለውም። የቡድኑን ጉድለት ፈልጊ ስባል፣ የማገኘው ነገር ወንድሜን ቦታውን ሊያሳጣው፣ እኔንም ወንድሜን ሊያሳጣኝ እንደሚችል ገብቶኛል።

ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም፣ እኔ ቤት፣ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ማየት ጀመርኩ። ጨዋታዎቹ የተቀረጹት በስልክ ነው። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ግማሹን ጊዜ የሚታየው የአንድ ደጋፊ ማጅራት ነው። መጀመሪያ ያየሁት አሰልጣኙ የሚለውን ነው፤ ቀለበት መትተው የሚመለሱ ኳሶችን ተቃራኒዎቻችን ይቀሙናል። እውነት ነው። ረጅም ሰው ቢኖረን ጥቂቱን እናተርፍ ነበር።

ከዚያ ግን እኛ ያተረፍነው ኳስ ወዴት እንደሚሄድ መከታተል ያዝኩ። የሚሄደው ወደ ወንድሜ ነው። አንድ ልጅ ቀለበቱ ሥር ብቻውን ቆሟል፤ ከፊቱ ተከላካይ የለም፤ እጁን ቢያነሳ ያስቆጥራል። ልጁ ኳሱን ይይዝና ጀርባውን ለቀለበቱ ሰጥቶ ይዞራል። በዓይኑ ወንድሜን ይፈልጋል። ወንድሜ መሀል ሜዳ ላይ ሁለት ሰው አንቆት ቆሟል። ልጁ ይወረውርለታል፤ ኳሱ ይነጠቃል። ሌላ ጨዋታ ከፈትኩ፤ ሌላ ልጅ፣ ያው መዞር። በገዛ ቤቴ ብቻዬን እየተሳደብኩ አየሁት።

መጀመሪያ የአሰልጣኙ ስልት መስሎኝ ነበር። ጠየቅኩት፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰጥቶ እንደማያውቅ ማለ። አመንኩት፤ ስልት የሚባል ነገር ሰጥቶ አያውቅምና።

ስለዚህ ከልምምድ በኋላ ከልጆቹ አንዱን ጠራሁት። በቡድኑ ጨዋ የሚባለው ነው፤ ቡድኑ በመኪና ሲጓዝ የወንድሜን ቦርሳ የሚሸከመው እሱ ነው። ስልኬ ላይ ራሱን አሳየሁት፤ ቀለበቱ ሥር፣ ብቻውን፣ ኳስ በእጁ።

«ለምን አልወረወርክም?» አልኩት።

«ጋሼ እያለ?» አለኝ።

አልቀለደም። ጥያቄዬ ከልቡ ግራ አጋብቶታል። እኔ ደግሞ ንዴቱ ከእግሬ ጀምሮ ወጣብኝ። እነዚህ ልጆች ያደጉት ታላቅ ሲናገር ዝም በሚባልበት፣ በር ላይ ይለፉ፣ የለም እርስዎ ይለፉ እየተባባሉ ዝናብ በሚመታቸው ሰዎች መሀል ነው። ያንኑ ይዘውት ሜዳ ገቡ። ለታላቅ ወንበር እንደሚለቁት ኳስ ይለቃሉ። ተቃራኒዎቻችን ይህን ካወቁ ቆይተዋል፤ ወንድሜን ብቻ ይይዙና ሌላውን ለጨዋነቱ ይተዉታል። ያላወቅነው እኛ ብቻ ነን።

እንግዲህ ረጅም ሰው ቢመጣ ምን ይሠራል? ኳሱን ከላይ ያወርደዋል፤ ካወረደው በኋላ ዞሮ ለወንድሜ ይሰጠዋል። ፈጣንም ቢመጣ ሮጦ ሄዶ ይሰጠዋል። የጎደለን ቁመትም ፍጥነትም አልነበረም። የጎደለን ብልግና ነው።

ይህን ለነዚያ ሁለት ሰዎች ከመናገሬ በፊት ለወንድሜ መናገር ነበረብኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከወሎ ሰፈር በመኪናው ሲሸኘኝ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለን አነሳሁት።

«ልጆቹ ኳሱን እንዳይሰጡህ ንገራቸው» አልኩት።

«ስጡኝ ብያቸው አውቃለሁ?»

«አላልክም። አትስጡኝም ግን ብለህ አታውቅም።»

መሪውን ጨበጠው። ሰው በገዛ ፈቃዱ ሲያከብርህ አታክብረኝ ትለዋለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሜዳ ላይ አዎ አልኩት። ያኔ ሁሉንም አወረደብኝ፤ እኔ ገና ኳስ ማንጠር ሳልችል እሱ ስንት ጨዋታ በትከሻው እንደተሸከመ፣ እነዚህ ልጆች ያለ እሱ ጫማቸውንም አስተካክለው እንደማያስሩ፣ አሰልጣኝ ተብዬ ፊሽካ ስላንጠለጠልኩ ዓይኔ እንደጠፋ። እኔም አልተኛሁለትም። በቪዲዮ ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኩት። እያወቀ እንደሚደሰትበት ነገርኩት። ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ ፊቱ ሲጠቁር አየሁና ደስ አለኝ፤ ያን ያህል ተናድጄ ነበር።

«እንግዲህ የምትይውን በይ» አለኝ። «እኔ ከልጅ ጋር ለኳስ አልናጠቅም።»

አንድ አደባባይ ጋ ሲደርስ ዳር ይዞ ቆመ። ቤቴ ገና ሩቅ ነበር። ወረድኩ፤ ሚኒባስ እስካገኝም ብዙ ቆምኩ።

ሁለተኛው ስብሰባ የተደረገው ባለቤቱ ቢሮ፣ ከሴራሚክ መደብሩ ፎቅ ላይ ነው። አሰልጣኙ ረጅሙን ልጅ አግኝቶታል። ቁመቱን ሲያወራ እጁን እያነሳ ጣሪያውን ሊነካ ይደርሳል። ባለቤቱ ደስ ብሎታል። ያየሁትን ነገርኳቸው፤ ልጆቹ አምበሉን ታላቃችን ነው ብለው እንደሚያሽቋልጡለት፣ እሱም እንደማያስቆማቸው፣ ማንንም ብናመጣ ያው እንደሚሆን ተናገርኩ። ይህን ሁሉ ሳወራ ባለቤቱ ስልኩን ይነካካል።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለ።

«የሚያስፈልገን ባለጌ ነው» አልኩ።

ያኔ ቀና አለ። አሰልጣኙ ሳቀ፤ እኔ ማንን እንዳሰብኩ ሲገባው ግን ሳቁን ዋጠው። ለምርጫው ከቀረቡት ወጣቶች አንዱ ነው፤ ልጁን የማያውቀው የለም። ከነበረበት ቡድን በጸባይ የተባረረ ነው። ሽማግሌ ዳኛ እጁን ዘርግቶለት አልፎት የሄደ፣ አሰልጣኝ ሲመክረው ከጆሮው ላይ ማዳመጫውን የማያወልቅ፣ ታላቆቹን በቁልምጫ እየጠራ የሚያበሽቅ። ግን ሦስት ጨዋታውን አይቻለሁ። ባዶ ቦታ ሲያገኝ ይወረውራል፤ ሌላ ሰው ባዶ ሲሆን ይሰጠዋል። የማን ልጅ፣ የማን ታላቅ እንደሆነ አይመለከትም። ጨዋታውን እንጂ ሰውን አያይም።

አሰልጣኙ ወገቡን ይዞ ተነሳ። እኛ ቤተሰብ ነን አለ፤ እንዲህ ያለውን ስድ አምጥተን ልጆቻችንን አናበላሽም አለ። ልጆቹ ተበላሽተው አለቁ እኮ፣ እኛ ነን በጨዋነት ያበላሸናቸው አልኩት። አንገት ደፊ አገር አጥፊ የሚባለው ያለ ነገር አይደለም አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ እታች መደብሩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አሰልጣኙ አዲስ ነገር ጠየቀኝ።

«ወንድምሽ ይህን ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ።»

ፈገግ አለ። እንግዲያው ሁለቱንም ልጆች ሜዳ ላይ እንያቸው፣ አምበሉም አብሮ ይጫወትና ይፍረድ አለ። ለኳስ የማይሠራ ጭንቅላቱ ለተንኮል ሲሆን እንዴት እንደሚፈጥን። ባለቤቱ ወዲያው ተስማማ፤ የሚታይ ነገር ይወዳል።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ሜዳው ላይ ተገኘን። ወንድሜ ከእኔ ቀድሞ መጥቶ ጉልበቱን አስሯል። ሰላም አላለኝም፤ እኔም አላልኩትም። ረጅሙ ልጅ ለሁሉም እየዞረ ጎንበስ እያለ እጅ ነሳ፤ ባለቤቱ ጋ ሲደርስ ከወገቡ ታጥፎ ሊሰበር ምንም አልቀረው። ባለጌው አርፍዶ መጣ። ማስቲካ እያኘከ፣ ለማንም ሰላም ሳይል፣ ኳስ አንስቶ መወርወር ጀመረ። አሰልጣኙ አየሽ በሚል ዓይን አየኝ።

ወንድሜና ባለጌው መጀመሪያ በተቃራኒ ሆነው ተጫወቱ። ወንድሜ ልጁን ራሱ ያዘው። እንደዚያ ሲጫወት ከዓመታት ወዲህ አላየሁትም፤ ክርኑን ይሰነዝራል፣ ማሊያ ይይዛል፣ ልጁን አንዴ ሲሚንቶው ላይ ዘረረው። አሰልጣኙ ፊሽካውን በእጁ ይዞ አልነፋም። ልጁ እንደ ልብስ ራሱን አራግፎ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ወንድሜን በግራ አለፈው፣ በቀኝም አለፈው፤ የታመመው ጉልበት የትኛው እንደሆነ ስላወቀ በዚያ በኩል ደጋገመ። በላያችን አውሮፕላን ሲያልፍ ሁሉ ነገር ድምፅ አልባ ሆነ፤ የወንድሜ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ አያለሁ።

ቀጥሎ ከአንድ ወገን ሆነው እንዲጫወቱ አደረግን። የምፈልገው ይህንን ነበር። ልጁ ኳስ ያዘ። ወንድሜ በግራ በኩል እጁን አንስቶ ጠራው። ልጁ ዞር ብሎ አየው፤ ከዚያ ከቆመበት ወረወረና አስቆጠረ። ማንም አላጨበጨበም። ሁለተኛ ጊዜ ሲይዝ ወንድሜ ጮክ ብሎ ጠራው፤ ልጁ ኳሱን ቀለበት ሥር ለቆመው ለዚያ ቦርሳ ተሸካሚ ጨዋ ሰጠው። ጨዋው እንደ ልማዱ ሊዞር አለ። ልጁ «ወርውር፣ አንተ!» ብሎ አንባረቀበት። ጨዋው ደንግጦ ወረወረ፤ ገባም። የቡድናችን መድኃኒት ይኸው ዓይኔ ሥር ነበር። ትክክል ነበርኩ፤ ትክክል መሆኔንም አሰልጣኙ ፊት ላይ አነበብኩት።

ልጁ ግን በዚያ አላቆመም። ጨዋታው ሲያበቃ ኳሱን አነሳና ወደ ወንድሜ ሄደ። ፊቱ ሲደርስ አንገቱን ደፋ፤ ቀኝ ክርኑን በግራ እጁ ደግፎ፣ ለአባት ውሃ እንደሚያቀርብ ሰው ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ኳሱን አቀረበለት።

«እንኩ ጋሼ» አለ። «ሲጠሩኝ ነበር መሰለኝ።»

ልጆቹ ሳቁ። መጀመሪያ የሳቀው ቦርሳውን የሚሸከምለት ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ወንበር የሚለቁለት፣ በር ላይ ይለፉ የሚሉት፣ ጋሼ ሳይል አፋቸው የማይከፈት። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ለካ ሲጠብቁ ኖረዋል። እኔ አክብሮት ነው ብዬ ቡድን ገደለ ያልኩት ነገር አክብሮት እንኳ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው፣ ልማድ ነው፣ ምን ያገባኛል ነው። አንገታቸውን ሲደፉ ጥርሳቸውን ይደብቁ ነበር። ሁሉንም በጥፊ ባጮላቸው ደስ ባለኝ።

ወንድሜ ኳሱን ተቀበለ። ልጁን አልመታውም። የሳቁትን አንድ በአንድ አያቸው፤ መጨረሻ ላይ እኔን አየኝ። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን አላስቆምኳቸውም። ኳሱን ሲሚንቶው ላይ አስቀምጦ፣ ቦርሳውን ራሱ ተሸክሞ ወጣ።

በማግስቱ ለባለቤቱ ደውሎ፣ ያ ልጅ ከመጣ እኔ ያንን ሜዳ አልረግጥም አለው። ባለቤቱ ወሬውን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ረጅሙን እንውሰድና ሰላም እንሁን አለኝ። አንቺም ከወንድምሽ አትጣዪ አለኝ፤ አሳቢ ሲሆን ደግሞ የባሰ ያስጠላል። አሰልጣኙ በበኩሉ ባለጌው ጎበዝ መሆኑን ድንገት ማመን ጀምሮ ነበር፤ ወንድሜ ቢሄድለት ደመወዙ ለሌላ ሰው ይተርፋል። የምርጫው ቀን እስኪደርስ አንዴ ብቻ ለወንድሜ ደወልኩ። አላነሳም።

ምርጫው አትላስ አጠገብ ባለ ሆቴል አዳራሽ ነበር። ስማችን መጀመሪያ ተጠራ። ረጅሙ ልጅ ከፊት መስመር ተቀምጦ ከሁሉም በላይ ይታያል፤ ባለቤቱ ዓይኑን ከእሱ ላይ መንቀል አልቻለም። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ ጉድለቱን ያየሽው አንቺ ነሽ፣ ማንን ልበል አለኝ። ረጅሙን ብመርጥ ወንድሜ ሰኞ ለልምምድ ይመጣል። ልጆቹም ዳግመኛ አንገታቸውን ይደፉለታል፤ ጥርሳቸውን ደብቀው፤ ኳሱን እያመጡ ይሰጡታል፤ እሱም ይቀበላል። ያንን ደግሜ ማየት አልችልም ነበር። የባለጌውን ስም ነገርኩት።

እሑድ እናታችን ለምሳ ጠራችን። ወሬውን ሰምታ ኖሮ፣ ሌላ ሰበብ ሳትፈልግ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ ብላ አዘዘች። ወሎ ሰፈር ያለው አሮጌው ቤታችን ገብቼ ስቀመጥ ወንድሜ ተቀምጦ ነበር። እናቴ ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አወራች፤ እሱም ለእሷ መለሰ፣ እኔም ለእሷ መለስኩ።

ትሪው መሀላችን ተቀመጠ። በዚያ ቤት አባታችን ከሞተ ጀምሮ ወንድሜ ሳይቆርስ ማንም እጁን አይሰድም። እናቴም ብትሆን። ማንም አላወጀውም፤ እንዲሁ ሆነ። እጃችንን ታጥበን ጠበቅነው።

ትሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ አዞረው።

«ቅደሚ» አለኝ።

እናቴ የሁለታችንንም ፊት አየች። ጋሼ ተው አልኩት። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። እልህ ያዘኝ። ቆረስኩና ጎረስኩ፤ እስክውጠው ድረስ ወንድሜ ዓይኑን ከአፌ ላይ አልነቀለም።